ከቦንዳው በስተጀርባ



ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የሁላችንም ቤት የገባ፣ የብዙዎቻችንንም ገላ የሸፈነ ነው። እርሱም ሰልባጅ ነው። «ስለ አሮጌ ልብስ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ድሃ አገር በገዛ ገበያው ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው የሚለውን ጥያቄ እንደ አንድ ቦንዳ ሰልባጅ ገልጦ የሚያሳይ ዕቃ እስካሁን አላጋጠመኝም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበልልኝ።)

ቦንዳው ከየት ይመጣል? አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ አንድ ቤተሰብ ልጁ ያደገበትን ሱሪ፣ የሰለቸውን ሹራብ በከረጢት አድርጎ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። ሰደቃ እንዳደረገ ሰው ልቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከተሰጠው ልብስ ውስጥ እዚያው አገር የሚሸጠው ከፊሉ ብቻ ነው። የቀረውን ነጋዴ በኪሎ ይገዛዋል። ከዚያም በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፣ በማሽን ይጨመቃል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ በኮንቴይነር ተጭኖ ባሕር ይሻገራል። እንግዲህ በነጻ የተሰጠው ነገር ከሰጪው እጅ እንደወጣ ንግድ ሆነ ማለት ነው። ኬንያና ታንዛኒያ «ሚቱምባ» ይሉታል፤ እስር ወይም ጥቅል ማለት ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ስሙ «ቻጉዋ» ነው፤ ምረጥ ማለት ነው። የጋናዎቹ ግን ከሁሉ ይገርመኛል። «ኦብሮኒ ዋዉ» ይሉታል፤ የሞተ ነጭ ልብስ እንደማለት ነው። እንዲህ ያለ ደህና ልብስ ባለቤቱ ካልሞተ በቀር ማን ይሰጣል ብለው ነው አሉ።

እኔን ይህ ነገር የሚመለከተኝ በአባቴ በኩል ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን አስቀምጦ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሰው ካኪውን፣ ቴትሮኑን፣ አቡጀዲውን በሜትር ገዝቶ ይመጣል። አባቴ ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። ዒድ ሲቃረብ ከዒሻ በኋላም አይነሳም ነበር። በ1990ዎቹ ውስጥ ሰልባጁ ለንግድ ማስገባቱ በሕግ ክልክል ሆኖ ሳለ ከጅቡቲ በኩል በረሃውን እያቋረጠ፣ በባቲ አድርጎ ደሴ መግባቱ በዛ። አንድ የሰልባጅ ሱሪ ዋጋው ከጨርቁ ዋጋ አነሰ፤ የስፌቱን ሒሳብ ገና ሳንጨምር። ታዲያ ማን ጨርቅ ቆርጦ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይመጣል? ደንበኛው ቀስ በቀስ ተመናመነ። የሚመጡትም አዲስ ለማሰፋት ሳይሆን የፈረንጁን ሱሪ ለማስጠበብና ለማሳጠር ሆነ።

አባቴ ግን በልብሱ ቂም አልያዘም። ሱሪውን ገልብጦ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ «ይህን የሰፋ እጁ ይባረክ» ይል ነበር። እናቴም የክረምት ኮታችንን የምትገዛው ከዚያው ከሰልባጅ ተራ ነበር። ስድስት ልጅ የሚያለብስ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? አንዱን ቤት በአንድ በኩል እያለበሰ በሌላ በኩል እንጀራውን የሚቀንስበት ነገር ነበር። ስለዚህ ሰልባጅን በጭፍን የሚያወግዝ ሰው ስሰማ አብሬ አላወግዝም።

ይህን ጉዳይ በሚገባ እንዳስብበት ያደረገኝ የሩዋንዳ ታሪክ ነው።

በማርች 2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች አሩሻ ላይ ተሰብስበው አንድ ውሳኔ አሳለፉ። የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ሥራቸው እንዲያንሰራራ፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ከውጭ ማስገባት በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ተስማሙ። ቆርጣ የገባችበት ሩዋንዳ ናት። በኪሎ 20 ሳንቲም የአሜሪካን ዶላር የነበረውን የአሮጌ ልብስ ቀረጥ በዚያው ዓመት ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አወጣችው። አሮጌ ጫማውን ደግሞ ወደ 5 ዶላር። ይህን ለተማሪዎቼ የማባዛት ጥያቄ አድርጌ ሰጥቻቸው አውቃለሁ። 45 ኪሎ የሚመዝን ቦንዳ ቀድሞ 9 ዶላር ይቀረጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 112 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ልብ በሉ፣ አልከለከለችም። ሰልባጁ ከአገር ልብስ ሰፊ ጋር በዋጋ እንዲቀራረብ ነው ያደረገችው።

በማርች 2017 ስማርት በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የአሜሪካ አሮጌ ልብስና ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ለአገሩ የንግድ ተወካይ ጽሕፈት ቤት አቤት አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ውሳኔ በአሜሪካ 40,000 ያህል የሥራ ቦታዎችን አደጋ ላይ ይጥላል የሚል ነበር አቤቱታው። ዱላውም በእጅ ነበር፤ አጎዋ። አጎዋ አሜሪካ በ2000 ያወጣችው ሕግ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ብዙ ዓይነት ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡላት ይፈቅዳል። እድሉን ለማግኘት ግን መስፈርት አለው፤ ከመስፈርቶቹም አንዱ የአሜሪካን ንግድና መዋዕለ ንዋይ የሚያግድ እንቅፋትን ማስወገድ ነው። ስጦታ ነው እንዳይባል ሁኔታ አለበት። ውል ነው እንዳይባል ደግሞ ሰጪው ብቻውን ይሰጠዋል፣ ብቻውን ያነሳዋል። በመድረሳ የግብይት ምዕራፍን የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛው ክፍል እንደሚያስገባው ግራ ይገባዋል። እኔንም ግራ ገብቶኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ኬንያ ፈጥና ወደ ኋላ አለች። ታንዛኒያና ኡጋንዳም በ2018 መጀመሪያ ላይ አቋማቸውን አላሉ። ሩዋንዳ ጸናች። ፕሬዚዳንት ካጋሜም በ2017 በይፋ ሲናገሩ፣ መዘዝ ቢያስከትልም የራሳችንን ፋብሪካ መገንባት አለብን የሚል ሐሳብ ሰጡ። በማርች 2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የስልሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ጁላይ 30 ቀን 2018 የሩዋንዳ አልባሳት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መግባታቸው ታገደ።

አሁን ቁጥሩን እንየው። በእገዳው የተነካው የሩዋንዳ ሽያጭ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አገሪቱ ወደ አሜሪካ ከምትልከው ሁሉ 3 ከመቶ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ለአሜሪካ ምኗም አይደለም። ለሩዋንዳም ቢሆን የሚያንበረክክ አልነበረም። ብዙ ሰው ሩዋንዳን በድፍረቷ ያደንቃል፤ እኔም አደንቃለሁ፤ ግን ሒሳቡን ሳይመለከቱ ማድነቅ ኬንያን ያለ ጥፋቷ ፈሪ ያሰኛል። ኬንያ በአጎዋ በኩል ለአሜሪካ የምትሸጠው ልብስ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነበር። በዚያ የሚተዳደር ስንት ልብስ ሰፊ እንዳለ አስቡት። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕጉ የታሰበለትን ሥራ በደንብ የሠራችው አገር፣ ፋብሪካ ተክላ ሠራተኛ ቀጥራ ለአሜሪካ የሰፋችው አገር፣ በገዛ ገበያዋ ላይ ለመወሰን ይበልጥ የተሳናት ሆና ተገኘች። ጥቂት የሸጠችው ደግሞ እምቢ ለማለት ቻለች።

ሌሴቶም እንዲሁ ናት። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ስትሆን ብዙ ሴቶቿ ለአሜሪካ ጂንስ ሱሪ በመስፋት ይኖራሉ። በኤፕሪል 2025 አሜሪካ በዓለም ላይ ቀረጥ ስታውጅ ለሌሴቶ የወጣላት 50 ከመቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ወደ 15 ከመቶ ወረደ። በመሐል ባሉት ወራት ትእዛዝ የተሰረዘባቸውን ፋብሪካዎች ግን መውረዱ አልመለሳቸውም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ያኔ አሮጌ ልብስ ለንግድ እንዳይገባ የከለከሉ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ነበሩ፤ ናይጄሪያ አንዷ ናት፤ የእኛም አገር ናት። በዚህ ምክንያት የተጠየቀ የለም። የሩዋንዳ ቀረጥ ከክልከላ ያነሰ ነገር ሆኖ ሳለ ተጠየቀበት። እንግዲህ ሕጉ የተንቀሳቀሰው አቤት ባይ ስለመጣ ነው። እዚያ ማዶ ማኅበር ያለው ነጋዴ ድምፁ ይሰማል። ኪጋሊ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሰው አቤት የሚልበት ጽሕፈት ቤት ዋሽንግተን ውስጥ የለውም።

ኃያላኑ ራሳቸው እንዴት አደጉ የሚለውንም ማንሳት ደግ ነው። እንግሊዝ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የሕንድ ቀለም የታተመበት የጥጥ ጨርቅ ገበያዋን ሲያጥለቀልቅባት ምን አደረገች? በ1700 ከሕንድ፣ ከፋርስና ከቻይና የሚመጣው እንዳይገባ ከለከለች። በ1721 ደግሞ መልበሱን ራሱን ከለከለች። ሴትዮዋ ቀሚሱን ለብሳ መንገድ ላይ ብትገኝ ትቀጣለች ማለት ነው። ክልከላው እስከ 1774 ቆየ። የራሷ ማሽኖች ከተነሡ በኋላ ግን ስለ ነጻ ንግድ ሰባኪ ሆነች። ሕንድንም በያዘች ጊዜ የማንቸስተር ፋብሪካዎች እንዳይጎዱ ብላ፣ በ1896 ሕንድ ውስጥ በሕንድ ፋብሪካ በተሠራ የጥጥ ጨርቅ ላይ 3.5 ከመቶ ግብር ጣለች፤ ከውጭ በሚገባው ላይ ከነበረው ቀረጥ ጋር እኩል መሆኑ ነው። የአገሩ ዕቃ በገዛ አገሩ ላይ እንደ እንግዳ ተቀረጠ። ይህ ግብር እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ አልተነሣም።

አሜሪካም ብትሆን ያው ናት። የመጀመሪያው የገንዘብ ሹሟ አሌክሳንደር ሐሚልተን በ1791 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ዘገባ ጀማሪ ፋብሪካዎች ከለላ ይሻሉ ብሎ ተከራክሯል። አገሪቱም በቀረጥ አጥር ውስጥ ሆና ነው ያደገችው። በ1833 ከዛንዚባሩ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ጋር ውል ስትዋዋል፣ የአሜሪካ ነጋዴ ዛንዚባር ላይ ከ5 ከመቶ በላይ እንዳይቀረጥ አስፈረመች። በዚያው ዘመን በራሷ ወደቦች በጥጥ ጨርቅ ላይ የምታስከፍለው ቀረጥ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች የመጣው ጨርቅ ምሥራቅ አፍሪካን ሞላው። ስዋሂሊዎች እስከ ዛሬ «መሪካኒ» የሚሉት ጨርቅ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከአዲሱ ጨርቅ እስከ አሮጌው ሱሪ ድረስ መንገዱ አንድ መሆኑን ስትመለከቱ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ንግድን መሣሪያ ማድረግ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስለን። ለእኛ ለሙስሊሞች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ቁረይሾች በኑ ሃሺምንና በኑ ሙጦሊብን «አይሸጥላቸው፣ አይገዛቸው፣ ጋብቻም አይኑር» ብለው ጽፈው ካዕባ ውስጥ የሰቀሉትን ውል፣ በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ውስጥ ሕፃናት በረሃብ ያለቀሱባቸውን ሦስት ዓመታት ያልሰማ ልጅ በመድረሳችን የለም። ከዚህ ይልቅ ጥቂቶች የሚያውቁት የየማማው አለቃ የሡማማ ኢብኑ ኡሣልን ነው። ሡማማ መዲና ላይ ከሰለመ በኋላ ለዑምራ መካ ገባ። ቁረይሾች ሲዘልፉት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ካልፈቀዱ በቀር ከየማማ አንዲት የስንዴ ፍሬ አትደርሳችሁም ብሎ ማለ። መካ እህሏን የምታገኘው ከዚያ ስለነበር ተቸገረች። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት መካውያኑ የዝምድናን ነገር እያነሡ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጻፉ። እርሳቸውም እህሉ እንዲለቀቅላቸው ለሡማማ ጻፉለት። የለቀቁትም ያንን ውል ካዕባ ላይ ለሰቀሉት ሰዎች ነው። ይህን ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር «ለምን ለቀቁላቸው? ይያዙዋቸው ነበር!» የሚል ልጅ አይጠፋም። እኔም የሸለቆውን ታሪክ መልሶ እንዲነግረኝ አደርገዋለሁ።

ወደ ሩዋንዳ ልመለስና፣ ቀረጡ ከወጣ በኋላ ኪጋሊ ውስጥ ሁሉ ነገር ሠመረ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። የሰልባጅ ገቢው በጣም ቀነሰ፤ ይህ እውነት ነው። «በሩዋንዳ የተሠራ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ፣ መንግሥት ልብስ ሰፊ ፋብሪካዎችን አገዘ፣ ቁጥራቸውም ጨመረ። ነገር ግን እንደ ኪሚሮንኮ ባሉት ገበያዎች ቦንዳ ፈትተው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ያንን ኑሮ አጡ። ጥቂት የማይባል ልብስም በድንበር በኩል በድብቅ ይገባ ጀመር። ባዶ የቀረውን ገበያ ትልቁን ድርሻ የያዘው ደግሞ የኪጋሊ ልብስ ሰፊ አልነበረም፤ ከቻይና የሚመጣ ርካሽ አዲስ ልብስ ነው። የአሜሪካን አሮጌ ሱሪ በር ዘግቶ ለቻይና አዲስ ሱሪ መስኮት መክፈት ምን ያህል ነጻነት ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ቀረጥ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጨርቅ አይሠራም። በዚያ በተገዛ ጊዜ ውስጥ ጥጡ፣ ፈትሉ፣ ሽመናው፣ መብራቱ፣ ብድሩ ካልተሟላ ጊዜው ያልቃል። ሩዋንዳ ቢሳካላትም ቢከሽፍባትም ውጤቱን የሚሸከመው የራሷ ሕዝብ ነው። ውሳኔውም የራሷ ሊሆን ይገባ ነበር። የአሮጌ ልብስ ነጋዴዎች ማኅበር ትርፍ ይቀንስብኛል ስላለ የአንድ አገር የግብር ሕግ በሌላ አገር ጽሕፈት ቤት መመርመሩን ግን በየትኛውም ሚዛን ብመዝነው አልቀበለውም። የሰልባጅ ነጋዴዋ እናትም ልትረሳ አይገባም። ቀረጡ ከመውጣቱ በፊት እርሷ ወደ ምን ሥራ እንደምትሻገር የሚያስብ መንግሥት ያስፈልጋል። አንዲት ተማሪዬ እናቷ ሰልባጅ እንደምትሸጥ ነግራኝ «ታዲያ የእኔ እናት ምን ትሽጥ?» ብላ በክፍል ውስጥ ጠይቃኛለች። የኪጋሊ ሴቶችም ይህንኑ ነበር የጠየቁት።

የእኛ አገር ነገር ከዚህ ይለያል፤ ሰዎች ሲያቀላቅሉት ስለምሰማ ልለየው። ኢትዮጵያ ከማሊና ከጊኒ ጋር ከአጎዋ የተሰረዘችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነው። የተሰጠው ምክንያት ንግድ ሳይሆን በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነበር። በጦርነቱ የደረሰውን ግፍ ማንም አይክድም፤ ወሎም ቀምሶታል። ጥያቄዬ ቅጣቱ የት አረፈ የሚለው ነው። እንደ ሐዋሳ ያሉት የኢንዱስትሪ ፓርኮች በአመዛኙ የተገነቡት ለዚህ ገበያ ታስበው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከቤት ርቃ በአንድ ፋብሪካ የሸሚዝ እጅጌ ትገጥም ነበር። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍታ አታውቅም፣ እጅጌ ብቻ። ከደመወዟም ለእናቷ ትልክ ነበር። ትእዛዝ ቀነሰ ተብላ ከጓደኞቿ ጋር ተሰናበተች። ጦርነቱን እርሷ አላወጀችም፣ የማስቆምም ሥልጣን አልነበራትም። እጅጌ መግጠም ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ በራሱ ሲንጀር መኖር አይችልም፤ ሙያው ያለ ፋብሪካው አይቆምም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በእኔ ዓይን ትልቁ ጉዳይ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። በእንዲህ ያለ ድርድር ላይ አንድ አገር ለየዕቃው «ከዚህ በላይ ቀረጥ አልጥልም» ብሎ የሚገባበት የጣሪያ ቁጥር አለ። ቁጥሩ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ከፍ ማድረግ ቢፈለግ ከሌሎቹ ጋር እንደገና መደራደርና ምትክ ጥቅም መስጠት ግድ ይላል። ሩዋንዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 የዘለለችው ዝላይ የሚቻለው ወይም የማይቻለው በዚያ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ነው። ስለ ባንክና ስለ ቴሌ ብዙ ሲወራ እሰማለሁ፤ ስለ ልብስ መስመሩ የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም። ከአንባቢያን መካከል በጉምሩክ ወይም በንግድ ሥራ ላይ ያላችሁና ለአዲስ ልብስና ለጨርቅ ምን ጣሪያ እንደታሰበ የምታውቁ ካላችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትጽፉልን፣ ኢንሻአላህ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።